ጋን በጠጠር ይደገፋል፦ ስለ ቁመት፣ ስለ ጭንቅላትና ስለ አክስቴ ጓዳ

ቁመቴ 1 ሜትር ከ61 ነው። ጠዋት ጠዋት 62 እሆናለሁ፤ ምክንያቱን ኋላ እነግራችኋለሁ። ይህን ቀድሜ የማነሳው «ሰውዬው አጭር ስለሆነ ነው እንዲህ የሚለው» እንዳትሉኝ ነው። በርግጥም ስለሆንኩ ነው።

«ጋን በጠጠር ይደገፋል» እየተባለልኝ ነው ያደግሁት። ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ ሁሌ ከፊት የምቆመው እኔ ነበርኩ፤ ኳስ ሜዳ ላይ ቡድን ሲመረጥ ደግሞ ሁሌ መጨረሻ። ያኔ አንድ ትልቅ ሰው ራሴን ዳበስ ያደርግና «አይዞህ ማሙሽ፣ ጋን በጠጠር ይደገፋል» ይለኛል። እኔም «ለአጭርም ሥራ አይጠፋለትም» እንደማለት አድርጌ እሰማው ነበር። ምጽዋት ነገር።

አባባሉ በትክክል የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፣ ዘጌ፣ አክስቴ ጓዳ ውስጥ።

ዘጌን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ጣና ውስጥ ገባ ያለች፣ ደን የለበሰች ምድር ናት። እነ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያሉት እዚያ ነው። በልማድ ማረስና ከብት ማርባት ስለተከለከለ ሰዉ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ጌሾው ከደጅ ሲሆን ጠላው እንዴት እንደሚሆን አስቡት።

የአክስቴ ልጅ ለሴት ልጁ የክርስትና ድግስ ሊደግስ ነበር። ይሄ ልጅ 1 ሜትር ከ88 ነው። መለሎ። የእናቱን ቤት በር ሲያልፍ ሁሌ ጎንበስ ይላል፣ ሁሌም ትንሽ ዘግይቶ። ጋኑ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ፣ ጓዳ ጥግ ሊቀመጥ ነው። ወለሉ አፈር ነው። ጋኑ ደግሞ ቂጡ እንደ እንቁላል ክብ ነው፤ ነካ ሲያደርጉት ይወዛወዛል። «ጠጠር አምጣ» አለችው እቴቴ። (አክስቴን ሁላችንም፣ ልጇም ጭምር፣ እቴቴ ነው የምንላት።)

እሱ ጠጠር መች ያውቃል! ጭንቅላት የሚያህል ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ከሥሩ ወሸቅ ሲያደርገው ጋኑ ወደ ሌላ ጎኑ ተንጋደደ፤ ግድግዳውን ሊመታ ለጥቂት ነው በሁለት እጁ አቅፎ የያዘው። «አንተ ልጅ፣ ጠጠር አልኩህ እንጂ ቋጥኝ አልኩህ?» ጮኸችበት። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ሂድ እስኪ አንተ፣ ከሐይቁ ዳር ለቃቅመህ አምጣልኝ፣ ሆዴ» አለችኝ።

እፍኝ ሙሉ ይዤ መጣሁ። ተንበርክካ ሦስት አራቱን በዙሪያው ሻጥ ሻጥ አደረገች። ጋኑን በመዳፏ ገፋ አድርጋ አየችው። አሁንም ትንሽ ይላወሳል። ከእጄ ላይ አንዱን አነሳች፣ አይታ ጣለችው፤ ሌላውንም ጣለችው። በመጨረሻ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል አንዲት ጠፍጣፋ ጠጠር አገኘችና በጣቷ ገፋ አድርጋ አስገባቻት። ጋኑ ቀጥ አለ። «በል አሁን ግፋው» አለችው ልጇን። በትከሻው ተጠጋው። ንቅንቅ አላለም።

ለካስ! ጋን ጠጠር የሚያስፈልገው ትልቅና ክብ ስለሆነ ነው። ለስኒ ማንም ጠጠር አይፈልግለትም። ጠጠሯም የተመረጠችው ታዝኖላት ሳይሆን ክፍተቱን ልክክ ብላ ስለሞላችው ነው፤ ትልቁ ድንጋይ ያንኑ ሥራ ልሥራ ብሎ ጋኑን ሊያሰብረን ነበር። ስለዚህ እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ አባባል ለአጭር ማጽናኛ ሳይሆን ለረጅም ማስጠንቀቂያ ነው። ያኔ ራሴን የዳበሱኝ ሰዎች አድራሻ ተሳስተው ነበር።

መነሻውም ሌላ ቦታ አይደለም፣ እዚያው ጓዳ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ለጋን ጠፍጣፋ ቂጥ የማትሰጠው አቅቷት አይደለም። ሸክላ ማዕዘን አይወድም፤ ሲተኮስ በማዕዘኑ በኩል መሰንጠቅ ይቀናዋል። ክብ ሲሆን ግን ሙቀቱንም የጠላውንም ክብደት ለመላ አካሉ ያካፍለዋል። አተላውም ወደ ታች ይሰበሰባል። የዚህ ሁሉ ዋጋ ታዲያ ለብቻው መቆም አለመቻሉ ነው። ጋን ሲተክል የኖረ ሰው ይህን ምሳሌ ለመናገር ፈላስፋ መሆን አላስፈለገውም።

ዛሬ አባባሉ በብዛት የሚሰማው መዋጮ ላይ ነው። አንዱ ድግስ ቤት ወይ ለቅሶ ቤት መቶ ብር ጨብጦ ይመጣና «እንግዲህ ጋን በጠጠር ይደገፋል» ብሎ እያፈረ ይሰጣል። ዘበኛውን የሚያንጓጥጥ አለቃም ከጀርባው ይባልበታል፤ ቁልፉ ማን ኪስ እንዳለ የሚያስታውሰው ቢሮው ሲቆለፍበት ነው።

ወደ ድግሱ ልመለስ። ማታ ጠላው ሞቅ ሲያደርገን ወሬው ቁመት ላይ ወደቀ። አንዱ አጎቴ «ረጅም ሰው ደሙ ጭንቅላቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይመለሳል» አለ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ረጅም ሞኝ ነው፣ አጭር ተንኮለኛ ነው ሲባል ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ ተረታችንም ብልጠቱን የሰጠው ለስንዝሮ ነው፣ ስሙ ራሱ መለኪያ ለሆነው ልጅ። የአክስቴ ልጅ ግን ስልኩን አወጣና «ሳይንሱ ሌላ ነው የሚለው፤ ረጃጅሞች በአይኪው ይበልጣሉ» አለ፤ በአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት ማለቱ ነው። አንጀቴ አረረ። ባሕር ዳር እንደተመለስኩ ቁጭ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

የሚያናድደው ነገር፣ እውነት አለው። ግን የምን ያህል እውነት? ጥናቶች በቁመትና በአይኪው መካከል የሚያገኙት ዝምድና ብዙውን ጊዜ ከ0.1 እስከ 0.2 ነው። ዜሮ ማለት ጨርሶ አይተዋወቁም ማለት ነው፣ 1 ማለት እንደ ጥላ ይከተላል። 0.2 ነው ብለን ብንቀበል እንኳ፣ ሰዎች ፈተናው ላይ ካላቸው ልዩነት ከቁመት ጋር አብሮ የሚሄደው ከመቶ አራት እጁ ብቻ ነው። ሁለት ሰው አቁማችሁ ብልጡን በቁመት ልለይ ብትሉ ሳንቲም ከመወርወር እምብዛም አትሻሉም።

ደግሞ ሁለቱ ነገሮች የሚለኩበት መንገድ ጭራሽ አይገናኝም። ቁመት መለኪያ አለው። ድሮ አያቴ ሸማ ልትገዛ ስትሄድ ረጅሙን ወንድሟን ይዛ ትወርድ ነበር አሉ፤ ጨርቁ የሚለካው በክንድ ነዋ፣ ክንዱ በረዘመ ቁጥር ሸማውም ይረዝማል! ሰውን በራሱ ክንድ ብትለኩት ግን ሁላችንም አራት ክንድ ሊሞላ ጥቂት የቀረን ነን፤ እኔም ያ መለሎም። ሞክሩት። ሜትር የመጣው ይህን ጭቅጭቅ ሊገላግለን ነው።

እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫማ ይወልቃል። ተረከዝ፣ መቀመጫና ትከሻ ግድግዳ ይነካሉ፣ ዓይን ፊት ለፊት ያያል፣ ጎፈሬ ካለ ጠፍጠፍ ይደረጋል። ሰዓቱም ወሳኝ ነው። በአከርካሪ አጥንቶቻችን መካከል ያሉት ለስላሳ ትራሶች ቀን ቆመን ስንውል ይጨመቃሉ፣ ሌሊት ስንተኛ ይመለሳሉ። ጠዋትና ማታ መካከል 1 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ልዩነት አለ። የኔ 62 እንግዲህ ከዚያ የመጣች ናት፤ በነገራችን ላይ መታወቂያዬ ላይ ያስጻፍኩትም እሷኑ ነው።

ለጭንቅላት ግን ክንድም ሜትርም የለም። እ.ኤ.አ. በ1905 ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የመጀመሪያውን ፈተና ሲያዘጋጁ ዓላማቸው ማን ከማን ይበልጣል ለማለት አልነበረም። ትምህርት ቤት ውስጥ ልዩ እገዛ የሚያስፈልገውን ልጅ ለመለየት ነበር። የዛሬው አይኪው የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ብዙ ሰው ይፈተናል፣ የመሃለኛው ውጤት 100 ተብሎ ይሰየማል፣ ከመቶ ሰው 68ቱ ከ85 እስከ 115 ባለው ውስጥ እንዲያርፍ ተደርጎ ይከፋፈላል። ስለዚህ 120 ያመጣ ሰው 100 ካመጣው በ20 በመቶ ይበልጣል ማለት አይቻልም። ቁጥሩ ሰልፍ ላይ የት እንደቆምክ ነው የሚነግርህ። እኔ ሰልፍን አውቀዋለሁ፤ ከፊት መቆሜ ሌሎቹ ይረዝማሉ ከማለት ውጪ ስለኔ ብዙም አልተናገረም። ፈተናው የተዘጋጀበትን ቋንቋና ዘይቤ የማያውቅ ልጅ ደግሞ የጋን ውስጥ መብራት ሆኖ ይቀራል። (ጋን እንደገና! ምሳሌያችን ያለ ጋን አይሆንለትም።)

እኔን ያስገረመኝ ግን ሁለቱን የሚያዛምዳቸው ነገር ነው። በልቶ በሚያድር አገር ከሰዎች የቁመት ልዩነት 80 በመቶ ያህሉ ከወላጅ በሚወረስ ዘር ይገለጻል። ግን እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 2014 ባለው መቶ ዓመት የደቡብ ኮሪያ ሴቶች አማካይ ቁመት 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ጨምሯል። በብዙ አገሮች የአይኪው ውጤትም በ20ኛው ክፍለ ዘመን በየአሥር ዓመቱ በ3 ነጥብ ገደማ ሲያድግ ነበር። ዘር እንዲህ ቶሎ አይለወጥም። የተለወጠው ምግቡ፣ ውሃው፣ ክትባቱ፣ ትምህርቱ ነው። ቁመትም ጭንቅላትም ሕፃንነት ላይ ተመሳሳይ ጠጠር ነው የሚደግፋቸው፤ ሲጎድል አብረው ይንጋደዳሉ። ሁለቱ ትንሽ የሚዛመዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

እኛ ጋ ደግሞ ይሄ ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው ቀንጭረው፣ ማለትም እድገታቸው ተገትቶ ለዕድሜያቸው አጥረው፣ ተገኝተዋል፤ በአማራ ክልል 46 በመቶው። ያም እርሻ ባለበት፣ ጤፍ በሚወቃበት አገር። አጭር ሰው ሁሉ ቀንጭሯል ማለት አይደለም፤ እኔ ለምሳሌ እናቴን ነው የወጣሁት።

ከጠጠሮቹ ሁሉ ትንሿ አዮዲን ናት። አንድ አዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ሰባ ዓመት ቢኖር ተደምሮ 4 ግራም አይሞላም፣ ከአንዲት የሻይ ማንኪያ አያልፍም ማለት ነው። እርጉዝ ሴት ይህችን ካጣች ግን የልጇ አእምሮም ቁመቱም ይጎዳል፤ የራሷ አንገት ላይም እንቅርት ሊወጣ ይችላል። «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የምንለው እንቅርት በደጋው የዕለት ተዕለት ነገር ስለነበረ ነው፤ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም ነበር።

ያቺ ክርስትና የተነሳችው ልጅ አሁን ዓመት አልፏታል። ባለፈው ጤና ጣቢያ ስትለካ አብሬ ሄጄ ነበር። ከሁለት ዓመት በታች ስለሆነች ተጋድማ ነው የምትለካው፤ እናቷ ራሷን ያዘች፣ ነርሷ ጉልበቷን ጫን አደረገች፣ ልጅቱ ጣቢያውን በጩኸት አደበላለቀችው። ደህና ነች። ነርሷ ስትጨርስ ስለ ጨው ጠየቀች፦ ክፍት ዕቃ ውስጥ፣ ምድጃ አጠገብ ከሆነ አዮዲኑ ይጠፋል፣ ወጥ ውስጥም መጨረሻ ላይ ጨምሩት። እኔና የአክስቴ ልጅ ተያየን። የእቴቴ ጨው ከጉልቻው ጎን ክፍት ጣሳ ውስጥ ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ።

ስንነግራት ተቆጣች። «እናንተን ያሳደግሁት በዚሁ ጣሳ አይደል?» አለች፣ አንዴ ሽቅብ እሱን፣ አንዴ ቁልቁል እኔን እያየች። መልስ አልነበረንም። በሚቀጥለው ስሄድ ግን ጨዉ ከምድጃው ርቆ መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። ጣሳው ተከድኗል፤ ክዳኑ ልኩ ስላልሆነ ላዩ ላይ ጠጠር ጭናበታለች።