«ሕዝቡ ይወዳቸው ነበር» ሲባል የቱ ሕዝብ? የሕዝብ አስተያየት ምንድን ነው?

በቅርቡ አንድ የፖለቲካ ተንታኝ ስለ ሰሜን አየርላንዱ ፕሮቴስታንት ቄስና ፖለቲከኛ ስለ ኢያን ፔይስሊ ሲናገር ሰማሁ። «አክራሪ ነበሩ፤ ግን ሕዝቡ ይወዳቸው ነበር፤ የሕዝብ አስተያየት ከእሳቸው ጋር ነበር» አለ። አወያዩም ራሱን ነቅንቆ ወደ ሌላ ጥያቄ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ሰው ስለ እኚሁ ቄስ በተቃራኒው ሲከራከር ሰማሁ፦ «ከ10 ሰው 3 እንኳ ያልመረጣቸው፣ ሕዝብ የተፋቸው ጠርዘኛ።» ሁለቱም የያዙት ቁጥር አንድ ነው። ሁለቱም «የሕዝብ አስተያየት» የሚለውን ቃል እንደ ማኅተም መቱበት። መጠይቅ ይዤ ቤት ለቤት ስዞር፣ ኋላም ሌሎች የሰበሰቡትን መልስ ስቆጥር ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ሰው ነኝና ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

ቁጥሩ ይህ ነው (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በሰኔ 1979 ለአውሮፓ ፓርላማ በተደረገው የመጀመሪያ ቀጥተኛ ምርጫ ሰሜን አየርላንድ በሙሉ አንድ የምርጫ ክልል ሆና 3 መቀመጫ ተሰጣት። መራጩ በዕጩዎቹ ስም ፊት 1፣ 2፣ 3 እያለ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይጽፋል። ፔይስሊን 1 ብሎ የጻፈው 29.8 በመቶ ነበር፤ ከሁሉም አንደኛ ወጡ። ከዚያ በ1984፣ በ1989፣ በ1994 እና በ1999ም አንደኛ ወጡ። በእነዚህ 5 ምርጫዎች ድርሻቸው ከ28.4 አልወረደም፣ ከ33.6 አልበለጠም። በመካከሉ ምን ያልሆነ ነገር አለ? በኅዳር 1985 በቤልፋስት ማዘጋጃ ቤት ፊት ለተሰበሰበው እጅግ ብዙ ሕዝብ ለአየርላንድ መንግሥት በሰሜን አየርላንድ ጉዳይ ምክር የመስጠት ድርሻ የሰጠውን የእንግሊዝና የአየርላንድን ስምምነት እያወገዙ «በፍጹም! በፍጹም! በፍጹም!» ብለው ጮኹ። በጥቅምት 1988 በአውሮፓ ፓርላማ የካቶሊኮቹ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ሁለተኛ ሲናገሩ ተነሥተው «ሐሳዊ መሲሕ» ብለው ሰደቧቸው፤ ፔይስሊንም ከአዳራሹ አስወጧቸው። ዓለም ሁሉ አፉን ይዞ ተገረመ። በሚቀጥለው ሰኔ ሰውየው 29.9 በመቶ አግኝተው እንደገና አንደኛ ወጡ።

እንግዲህ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? የሕዝብ አስተያየት እንደ ሙቀት መለኪያ ወደ ላይ ወደ ታች የሚል አንድ ነጠላ ነገር አይደለም። ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ፣ በአንድ ወቅት፣ በአንድ መንገድ ሲጠየቁ የሚሰጡት መልስ ስርጭት ነው። ትኩረቱ «ስርጭት» የሚለው ቃል ላይ ነው። ስለ ስንዴ ዋጋ ብትጠይቁ ብዙው ሰው መሐል ላይ ይከማቻል፤ አማካዩም ትርጉም ይኖረዋል። በሃይማኖት ወገን ለሁለት በተከፈለ አገር ስለ አንዱ ወገን አክራሪ መሪ ስትጠይቁ ግን መልሱ ሁለት ጉብታ ይሠራል፤ መሐሉ ሸለቆ ነው። አማካዩ የሚያርፈው ማንም በማይኖርበት ሸለቆ ላይ ነው።

በሰሜን አየርላንድ ፕሮቴስታንቱ ባብዛኛው ከብሪታንያ ጋር መቆየትን፣ ካቶሊኩ ባብዛኛው ከአየርላንድ ጋር መዋሐድን የሚፈልግ ወገን ነው። በ2001ዱ ቆጠራ ከነዋሪው ከፕሮቴስታንት ቤተሰብ የመጣው 53.1 በመቶ፣ ከካቶሊክ ቤተሰብ የመጣው 43.8 በመቶ ነበር። የካቶሊኩን ወገን የሃይማኖት አባት «ሐሳዊ መሲሕ» የሚሉ ሰው ከዚያ ወገን የመጀመሪያ ምርጫ እንደማያገኙ ግልጽ ነው። ስለዚህ ያ 30 በመቶ አካባቢ የሚዋልል ድምፅ በአንዱ ወገን ውስጥ ሲታይ ከሁለት ሰው የአንዱ ያህል ነው፤ በሌላው ወገን ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። (የተቆጠረው ነዋሪ ሁሉ መራጭ ስላልሆነ ይህን ስሌት እንደ ግምት ብቻ ያዙት።) «ሕዝቡ ይወዳቸው ነበር» ያለው ተንታኝ ግማሹን አገር ሰርዞታል። «ሕዝብ የተፋቸው» ያለው ደግሞ ሌላኛውን ግማሽ።

በግንቦት 1998 ሁለቱ ወገኖች ሥልጣን እንዲጋሩ የሚለው የሰላም ውል፣ የስቅለት ዕለት ስምምነት፣ ለሕዝበ ውሳኔ ሲቀርብም ተመሳሳይ ስሕተት ተሠርቷል። ፔይስሊ «እምቢ በሉ» ብለው ቀሰቀሱ፤ 71.1 በመቶው «እሺ» አለ። ይህንም «ሕዝቡ አክራሪውን ቄስ ቀጣ» ብሎ ማንበብ ቀላል ነበር። ድምፁ የተቆጠረው ቤልፋስት ውስጥ ኪንግስ ሆል በሚባል አዳራሽ በአንድ ላይ ተደባልቆ ስለነበር የትኛው አካባቢ ምን እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር የለም። በወገን የተከፈለውን ሥዕል የምናውቀው ከድምፅ መስጫ የሚወጡትን ሰዎች ከጠየቁ ጥናቶች ነው፤ እነሱም የሚያሳዩት ካቶሊኮች ከሞላ ጎደል በሙሉ «እሺ» ማለታቸውን፣ ፕሮቴስታንቶች ግን ለሁለት መሰንጠቃቸውን ነው። 71.1 ያማረ ቁጥር ነው፤ ከሥሩ ያለው ስንጥቅ ግን 6 ዓመት ሳይሞላ ፔይስሊን የትልቁ ፓርቲ መሪ አደረጋቸው። በ2003ቱ የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት ምርጫ የእሳቸው ፓርቲ ዲዩፒ 30 መቀመጫ ሲያገኝ፣ ስምምነቱን የፈረመው ሌላው የፕሮቴስታንት ወገን ፓርቲ፣ የዴቪድ ትሪምብል፣ 27 ላይ ቀረ።

የበለጠ የሚያበሳጨኝ ግን ሁለተኛው ስሕተት ነው። «የመረጣቸው ሁሉ የሚሉትን ያምናል» የሚለው።

አባት ሞቶ የርስት ክርክር የተነሣበትን ቤተሰብ አስቡ። ወንድማማቾቹ ማንን ነው ነገረ ፈጅ አድርገው ወደ ዳኛ የሚልኩት? እንግዳ የሚያጫውተውን፣ ሠርግ ላይ የሚመርቀውን ደጉን አጎት? አይልኩትም። የሚልኩት አንደበቱ የማይታጠፈውን፣ ድንበር ላይ አንድ ክንድ የማይለቀውን ነው። ያው ሰውዬ ልጃቸውን ቢጠይቃቸው አይድሩለትም ይሆናል፤ ማታ ቤት ሲገቡም «ዛሬስ አበዛው» ይሉ ይሆናል። ነገ ግን መልሰው ይልኩታል። ጎረቤት ሲያይ «ይህ ቤተሰብ ሁሉ ተሳዳቢ ነው» ይላል፤ ተንታኞቻችንም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቤተሰቡ ግን የቀጠረው ምላስ ነው።

ምሳሌው ከዚህም በላይ ይሄዳል። ተከራካሪው ወገን «እነዚያ ማንን ላኩ?» ብሎ ይጠይቃል። ምላሰኛው እንደተላከ ሲሰማ እሱም ለስላሳውን ጠርቶ የራሱን ምላሰኛ ይልካል። በዚያው 2003 ምርጫ በካቶሊኩ ወገን ሺን ፌን የጆን ሂዩምን ፓርቲ ኤስዲኤልፒን 24 ለ18 በልጦ ወጣ። ሂዩምና ትሪምብል የ1998ን የኖቤል የሰላም ሽልማት በጋራ ወስደው ነበር፤ በ5 ዓመት ውስጥ የሁለቱም ወገን መራጭ ነገረ ፈጁን ቀየረ። በ2005 ትሪምብል የራሱን የፓርላማ መቀመጫ እንኳ አጣ። የሚገርመው ደግሞ በእነዚያ ዓመታት ሰው ሥልጣን መጋራትን እርግፍ አድርጎ አልጠላም። ደጉ አጎት ከችሎት «ትንሽ ለቀቅን» ብሎ ሲመለስ «ሸጠን» ይባላል። ምላሰኛው «ከዚህ በላይ አይገኝም፤ ፈርሙ» ሲል ግን ቤተሰቡ ይፈርማል፤ ቢገኝ ኖሮ እንደማይለቅ ያውቃላና።

መጋቢት 26 ቀን 2007 የሰሜን አየርላንድ ምክር ቤት በሚገኝበት በስቶርሞንት የሆነውም ይህ ነው። ፔይስሊና የሺን ፌኑ ጄሪ አዳምስ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ። ጎን ለጎን መቀመጥ ለአንዱ፣ ፊት ለፊት መቀመጥ ለሌላው የማይዋጥ ነበርና ጠረጴዛዎቹ እንደ ካሬ ተገጥመው ማዕዘናቸው ወደ ካሜራው እንዲዞር ተደረገ። ሁለቱ በማዕዘኑ ግራና ቀኝ ተቀመጡ፤ ጎን ለጎንም ናቸው፣ ፊት ለፊትም ናቸው። እጅ አልተጨባበጡም። ግንቦት 8 ፔይስሊ ቀዳሚ ሚኒስትር፣ የካቶሊኩ ወገን የታጠቀ ቡድን የአይአርኤ የቀድሞ አዛዥ፣ የሺን ፌኑ ማርቲን ማክጊነስ፣ ምክትላቸው ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ ሳላሳይ ግን ማለፍ አልፈልግም። ነገረ ፈጅ የሚላከው ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው። ፔይስሊ ግን ክርክሩ ሳይጋል በፊት እሳቱን ሲያነዱ ከነበሩት አንዱ ናቸው። በኅዳር 1968 አርማ ከተማ ላይ የሲቪል መብት ሰልፈኞችን መንገድ ለመዝጋት ተከታዮቻቸውን አሰልፈው ወጡ፤ በዚህም ታሰሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት 30 ዓመታት ከ3,500 በላይ ሰው ሞተ። «ሕዝቡ እንዲህ አስቦ መረጣቸው» ስንል ሕዝቡ እንዲህ እንዲያስብ ማን እንዳስተማረው አብሮ መጠየቅ አለበት፤ መጠይቅ ደግሞ ይህን አይለካም።

ሌላም የማይለካው ነገር አለ። ሰሜን አየርላንድ ውስጥ ሰው የማንኛው ወገን እንደሆነ በስሙ፣ በተማረበት ትምህርት ቤት፣ «ኤች» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል «ኤች» ወይም «ሄች» ብሎ በመጥራቱ ጭምር ይታወቃል። መረጃ ሰብሳቢው አፉን ሲከፍት የማን ልጅ እንደሆነ ይለያል፤ መልሱም በዚያው ልክ ይታረማል። በዚያች አገር የተደረጉ ጥናቶች ለረጅም ጊዜ የመሐል ፓርቲዎችን ድጋፍ ከፍ፣ የዲዩፒንና የሺን ፌንን ዝቅ አድርገው ሲያሳዩ ኖረዋል። ሰው ለማያውቀው እንግዳ «እኔ አክራሪውን ነው የምመርጠው» ማለት ይከብደዋል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች ከተማ አንዲት እናት ቤት ገብቼ ስለ አካባቢው አንድ ሹም ጠየቅኳቸው። ልጃቸው በሩ ላይ ቆሞ ነበር። «ጥሩ ሰው ናቸው፣ ዕድሜ ይስጣቸው» አሉኝ። እንደ ደንቡ «በጣም ጥሩ» የሚለው ላይ አከበብኩ። ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ልጁ ከብት ሊያስገባ ወጣ። እሳቸው ረከቦቱን እየጠረጉ፣ እኔ ምንም ሳልጠይቅ፣ «ልጄ፣ እኚያን ሰው የምፈራቸው እኔ ብቻ አይደለሁም» አሉ። ወረቀቱ ላይ ያለው መልስ አልተቀየረም፤ የተመዘገበው የመጀመሪያው ነው። እስከ ዛሬ «ከ100 ሰው 80ው ይደግፋቸዋል» የሚል ነገር ሳነብ ረከቦቱ ይታየኛል።

ፔይስሊ ለ40 ዓመት በፓርላማ የወከሉት የሰሜን አንትሪም የምርጫ ክልልም ሌላ ነገር ያሳያል። ካቶሊኮች ስለ ጡረታ፣ ስለ ቤት፣ ስለ መንገድ ቢሯቸው ይሄዱ ነበር፤ በአግባቡም ያስተናግዷቸው እንደነበር ከሁለቱም ወገን ምስክር አለ። እነዚያን ካቶሊኮች «ፔይስሊን ትደግፋለህ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱን ታውቁታላችሁ። «ቢሮው ብትሄድ ጉዳይህን ያስፈጽምልሃል?» ብትሉስ? ሁለቱም የሕዝብ አስተያየት ነው። ጥያቄው ሳይነገር መልሱ ብቻ ሲጠቀስ ምንም አልተነገረም።

አሁን «ስንቱ ቃላቸውን አምኖ፣ ስንቱ ምላሳቸውን ቀጥሮ መረጣቸው?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ለዚህ ጥያቄ መጠይቅ መልስ አልሰጠም፤ ጊዜ ግን በከፊል ሰጠ። ፔይስሊ ከማክጊነስ ጋር እየሳቁ በፎቶ መታየት ሲጀምሩ ከሁሉ ቀድማ የተንጫጫችው በ1951 ራሳቸው የመሠረቷት ቤተ ክርስቲያን ነች። በጥር 2008 ከመሪነቷ ወረዱ፤ በሰኔ ደግሞ ከቀዳሚ ሚኒስትርነቱ። በሰኔ 2009 የአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ሲመጣ ፔይስሊ ዕጩ አልነበሩም። የዲዩፒዋ ዕጩ 18.2 በመቶ አገኘች። ሥልጣን መጋራቱን ተቃውሞ ከዲዩፒ የወጣው ጂም አሊስተር ደግሞ አዲስ ፓርቲ ይዞ ቀርቦ 13.7 በመቶ ወሰደ። ድምፅ ለመስጠት የወጣው ሰው ከግማሽ በታች ስለነበር ቁጥሩን እንደ ብረት አትጨብጡት። የአሊስተር መራጮች ሁሉ ቀድሞ የፔይስሊ መራጮች ነበሩ ማለትም አይደለም። ቢሆንም ለ30 ዓመት አንድ ጉብታ መስሎ የቆየው ድምፅ ያን ቀን ለሁለት ተከፍሎ ታየ፦ ነገረ ፈጁ «ፈርሙ» ሲል የፈረሙትና «በፍጹም» የሚለውን ቃል እንደ ቃል ኪዳን ይዘው የቀሩት።