የቪየናው ክለብ እንዴት የጀርመን ሻምፒዮን ሆነ?

የጀርመን ሻምፒዮኖችን ዝርዝር ያየ ሰው እ.ኤ.አ. 1941 ላይ ሲደርስ ግራ ይጋባል፤ የተጻፈው ራፒድ ቪየና ነው። የኦስትሪያ ክለብ እዚያ ምን ይሠራል?

ነገሩ የሚፈታው «ጋውሊጋ» የሚባለውን አደረጃጀት ሲያውቁ ነው። ናዚዎች ሥልጣን በያዙበት በ1933 የጀርመን ከፍተኛው እግር ኳስ በ16 የክልል ሊጎች ተደለደለ። እንደ ዛሬው ቡንደስሊጋ አንድ ወጥ ሊግ አልነበረም። ክለቦች በየክልላቸው ይጫወታሉ፤ የየክልሉ አሸናፊዎች ደግሞ ተገናኝተው የአገሪቱን ሻምፒዮን ይለያሉ። ስለዚህ ጋውሊጋን ማሸነፍ ማለት የጀርመን ሻምፒዮን መሆን ማለት አይደለም። ሻልከ 04 የዌስትፋልያን ጋውሊጋ 11 ጊዜ በተከታታይ ወስዷል፤ በዚያ ዘመን የጀርመን ሻምፒዮን የሆነው ግን 6 ጊዜ ነው።

በ1938 ሂትለር ኦስትሪያን ሲጠቀልል ሊጓም «ጋውሊጋ ኦስትማርክ» ተብሎ እዚሁ ውስጥ ገባ። በደመወዝ መጫወት ቀረ። የአይሁዶቹ ክለብ ሃኮዋህ ቪየና ተዘጋ፣ የውድድር ዓመቱ ውጤቶቹም ተሰረዙ። ስለ ዋንጫ ብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይህን ዘለው ማለፋቸው ያስከፋኛል።

የ1941ዱ ፍጻሜ በበርሊን ኦሊምፒክ ስታዲየም ተካሄደ። ሻልከ 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ ከራፒድ ግቦች ሦስቱን ያስቆጠረው ፍራንዝ ቢንደር ነበር። ቀኑ ጁን 22 ነው፤ ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን የወረረችበት ዕለት። ከጦርነቱ በኋላ ጋውሊጋዎቹ ፈረሱ፣ ኦስትሪያም ወደ ራሷ ሊግ ተመለሰች።