«በረጅሙ ተንፍስ» ማለት ምን ማለት ነው?

ሰው ሲደነግጥ አጠገቡ ያለው ሁሉ «በረጅሙ ተንፍስ!» ይለዋል። ምክሩ ጥሩ ነው። ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ትርጉሙን የሚረዱት ገልብጠው ነው። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ሰው በሙሉ ልብ «ጭንቀት ማለት አእምሮ ኦክስጅን ሲያጥረው ነው፤ ደረታችሁ እስኪነፋ አየር ሳቡ» ሲል ሰማሁት። የምሠራው በሥነ ልቦና ምክር ነው። ይህን ምክር ተከትለው ፊቴ ቁጭ ብለው የባሰባቸው ሰዎች ስላሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ የኦክስጅኑን ነገር እንጨርስ። ጤነኛ ሰው ስለተጨነቀ ደሙ ውስጥ ኦክስጅን አይጎድልም። ጣት ላይ የሚደረገው መለኪያ ያን ጊዜም ከ95 እስከ 100 በመቶ ያሳያል። ታዲያ የሞላ ነገር ላይ ምን ይጨመራል? ቶሎ ቶሎና በኃይል ስንተነፍስ የሚለወጠው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ነው። ከደም ውስጥ ከልክ በላይ ይወጣል። «ቆሻሻ አየር ነው፣ ይውጣ» የሚል አለ፤ ተሳስቷል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲቀንስ የአንጎል የደም ሥሮች ይጠባሉ። ያዞራል። ጣት መርፌ መርፌ ይላል፣ ከንፈር ይደነዝዛል። ሰውየው ይህን ሲያይ ይበልጥ ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ይበልጥ ይስባል።

አንዲት ወጣት ትዝ ትለኛለች። ትከሻዋ ጆሮዋ ሥር ደርሷል፣ የአንገቷ ጅማት ተገታትሯል። ትስባለች፣ አሁንም ትስባለች። በመሀል ከንፈሯን በጣቷ እየነካካች «አየር አልገባ አለኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልገባም። «አሁን አትሳቢ፤ ያለውን ቀስ ብለሽ አስወጪው» አልኳት።

ጎማ አስቡ። ሙሉ ጎማ ላይ ፓምፕ ብትጫኑ እጀታው ይገፋችኋል። ፓምፑ አልተበላሸም፣ ቦታ የለም እንጂ። ድንጉጥ ደረትም እንዲሁ ነው፦ ሳይወጣለት በላዩ ላይ ይሳብበታል። ከልክ በላይ የተነፋ ጎማ ደግሞ ጠጠር በነካው ቁጥር ይዘላል፤ የተጨነቀ ሰውም በር ሲንኳኳ ይዘላል። ቋንቋችንም ይህን ያውቃል። «ጎማው ተነፈሰ» ስንል አየሩ ወጣ ማለታችን ነው። «እፎይ» የምንለውም አየር ስናስወጣ ነው፤ እስቲ እየሳባችሁ በሉት።

ልብም የምትከተለው ይህንኑ ነው። አየር ስንስብ ምቷ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ይዘገያል። ስናስወጣ ልብን የሚያረጋጋው ቫገስ የሚባለው ነርቭ ይበረታል። ስለዚህ «በረጅሙ ተንፍስ» ማለት በዝግታ ሳብ፣ ከሳብክበት ጊዜ በላይ ቆይተህ አስወጣ ማለት ነው። ርዝመቱ የጊዜ ነው። የሚገባው አየር ብዛት ጉዳዩ አይደለም።

በቁጥር ላስቀምጠው። አፍን ገጥሞ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ መሳብ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ማስወጣት። አንዱ ዙር 10 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በደቂቃ 6 ትንፋሽ ማለት ነው። አዋቂ ሰው አርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ስለሚተነፍስ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። እጃችሁን እምብርታችሁ ላይ አድርጉ፤ ከፍ ዝቅ የሚለው እሱ ይሁን፣ ትከሻ ይረፍ። ሲወጣም እስከ መጨረሻው አትጭመቁት። ጨርሶ የተነፈሰ ጎማም አይነዳም። 5 ደቂቃ ይበቃል። ግን የምትለማመዱት ደህና በሆናችሁበት ቀን ነው። ጭንቀቱ ከመጣ በኋላ አዲስ ነገር መማር ይከብዳል።

የሙያዬ ነገር ሆኖ ሳልጠየቅ የምጨምረው አለ። ደረት ላይ ሕመም ካለ ወይም ትንፋሽ ማጠሩ ድንገት የመጣ ከሆነ ጭንቀት ነው ብላችሁ አትገምቱ፣ ሐኪም ይያችሁ። አስም ያለበት ሰው መድኃኒቱን በዚህ አይተካም። በወረቀት ከረጢት ውስጥ መተንፈስ የሚባለውን የድሮ ዘዴ ተዉት፤ ችግሩ የልብ ወይም የሳንባ ከሆነ አደጋ አለው። ውሃ ውስጥ ከመጥለቅ በፊትም ቶሎ ቶሎ አትተንፍሱ። «ተንፍስ» ብሎ የሚቀሰቅሰን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ስለሆነ እሱ ሲያንስ ሰው ሳይታወቀው ውሃ ውስጥ ራሱን ይስታል።

ሌላም አለ። አንዳንድ ሰው፣ በተለይ ከባድ ነገር ያለፈበት፣ ትንፋሹን ማዳመጥ ራሱ ያስፈራዋል። እንደዚህ ያለውን ሰው «በደንብ ስላልሞከርከው ነው» የሚሉት ነገር በጣም ያሳዝነኛል። እሱ ትንፋሹን ይተወው። ጫማውን አውልቆ ወለሉን ይርገጥ፣ ተረከዙ ላይ ያለውን ቅዝቃዜ ያስተውል። ዙሪያውን አይቶ 5 ነገሮችን ድምፁን አውጥቶ ይጥራ፦ በር፣ መጋረጃ፣ ወንበር፣ ቁልፍ፣ የራሱ እጅ። ትንፋሹ በራሱ ጊዜ ይከተላል።