ሜድ ኢን ጃፓን፦ ዲፕ ፐርፕል በመድረክና በስቱዲዮ

«ሜድ ኢን ጃፓን» የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል የመድረክ አልበም ነው። በኦገስት 1972 ኦሳካና ቶኪዮ ላይ በሦስት ምሽት ተቀዳ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ እንግሊዝ ውስጥ ወጣ። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲወጣ ሁለት ሸክላ ነበር፤ ዘፈኑ ግን ሰባት ብቻ ነው። እነዚሁ ሰባት ዘፈኖች በስቱዲዮ ቅጂያቸው ቢደረደሩ 45 ደቂቃ አይሞሉም። መድረክ ላይ 76 ደቂቃ ወስደዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል ትርፍ ከየት መጣ? የሁለቱ ቅጂዎች ልዩነት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ያኔ ባንዱ ውስጥ የነበሩት ዘፋኙ ኢያን ጊላን፣ ጊታሪስቱ ሪቺ ብላክሞር፣ ኦርጋን ተጫዋቹ ጆን ሎርድ፣ ቤዝ ጊታሪስቱ ሮጀር ግሎቨርና ድራመሩ ኢያን ፔይስ ናቸው። አድናቂዎች «ማርክ ሁለት» ይሉታል፤ ሁለተኛው አሰላለፍ ለማለት ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ሰው ገብቶ ወጥቷል። እውነተኛው ዲፕ ፐርፕል ግን ይህ ነው።

ከሰባቱ ዘፈኖች አራቱ የመጡት «ማሽን ሄድ» ከተባለው የ1972 አልበም ነው። የዚህ አልበም አቀዳድ ራሱ ጉድ ነው። ባንዱ በዲሴምበር 1971 ወደ ስዊዘርላንዷ ሞንትሩ የሄደው ከስቱዲዮ ለመሸሽ ነበር። እዚያ ባለው ካዚኖ አዳራሽ ውስጥ፣ መድረክ ላይ እንዳሉ ሆነው ሊቀዱ አሰቡ። ዲሴምበር 4 ቀን አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ፍራንክ ዛፓ እዚያው እየተጫወተ ሳለ አንድ ታዳሚ የምልክት ርችት ተኮሰና ካዚኖው ተቃጠለ። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» የተጻፈው በዚህ ነው፤ ጭሱ ሐይቁ ላይ ሲተኛ አይተው።

በመጨረሻ ለክረምቱ የተዘጋ አንድ ትልቅ ሆቴል ተከራዩ። ኮሪደሩን በፍራሽ አጥረው፣ የሌላውን የእንግሊዝ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስን የመቅጃ መኪና ውጪ አቁመው ሥራ ጀመሩ። ከኮሪደሩ ወደ መኪናው የሚወስደው መንገድ በክፍልና በበረንዳ የሚዞር ስለነበር፣ የቀዱትን ሄደው መስማት ሰለቻቸው። ተጫውተው ጥሩ ከመሰላቸው ያልፉታል። ስለዚህ «ማሽን ሄድ» የስቱዲዮ አልበም ይባል እንጂ ግማሽ ልቡ መድረክ ላይ ነው። የቀሩት ሦስት ዘፈኖች የ1970 እና የ1971 ሥራዎች ናቸው።

የመድረኩን አልበም ባንዱ ራሱ አልፈለገውም። ጥያቄው የመጣው ከጃፓኑ የሙዚቃ ኩባንያ ነው፤ ለጃፓን ገበያ ብቻ የሚሆን ነገር ፈልጎ። ባንዱ ዳር ዳር ካለ በኋላ ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። የሚቀዳው የራሳቸው መሐንዲስ ማርቲን በርች ይሆናል፤ ካልጣማቸው ደግሞ አይወጣም። በርች ስምንት ትራክ ባለው፣ ማለትም ስምንት ድምፅ ለየብቻ በሚይዝ መሣሪያ ቀዳ። ጆን ሎርድ እንደተናገረው ጠቅላላ ወጪው 3,000 ዶላር ገደማ ነበር። ለዚህ ዓይነት ሥራ ይህ ሳንቲም ነው።

የተቀዳው ኦገስት 15 እና 16 ኦሳካ፣ ኦገስት 17 ቶኪዮ ውስጥ ቡዶካን በተባለው አዳራሽ ነው። ቡዶካን ስሙ ስለገነነ ብዙ ሰው አልበሙ በሙሉ ከዚያ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ከቡዶካን የተወሰዱት «ዘ ሚዩል» እና «ሌዚ» ብቻ ናቸው። ከመጀመሪያው ምሽት «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ተወሰደ። የቀረው ሁሉ የኦገስት 16 ነው።

ወደ ዘፈኖቹ እንግባ። «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» በስቱዲዮ እንደ ግንብ ነው የሚሠራው። መጀመሪያ ጊታሩ ብቻውን ይመጣል፣ ኦርጋኑ ይደረባል፣ ድራሙ ይገባል፣ ቤዙ ይከተላል። መጨረሻ ላይ ድምፁ ቀስ እያለ ይጠፋል። ኦሳካ ላይ ብላክሞር ያችን ሁሉም የሚያውቃትን መግቢያ ሲጀምር ሕዝቡ ማጨብጨብ ይጀምራል። እሱ ደግሞ ምቱን ወዲያና ወዲህ እያደረገ ይጫወትባቸዋል፤ ጭብጨባው መንገድ ይስታል። ሲያልቅም ዘፈኑ እየደበዘዘ መጥፋት አይችልም፤ መድረክ ነዋ። ስለዚህ ኦርጋንና ጊታር እየተቀባበሉ፣ እየተመላለሱ ይጨርሱታል። 5 ደቂቃ ከ40 የነበረው 7 ደቂቃ ተኩል አለፈ።

«ሃይዌይ ስታር» ላይ ግን ስቱዲዮው የማይደፈር ነገር አለው። ብላክሞር እዚያ ሶሎውን (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበትን ክፍል) አስቀድሞ በኖታ በኖታ አዘጋጅቶ ነው የገባው። አንዳንዱን ቦታ ሁለቴ ቀድቶ፣ ሁለት ጊታር እንደሚዘምር አድርጎ ደረበው። መድረክ ላይ ሁለተኛ ብላክሞር የለም። ያው አንዱ ሰውዬ ብቻውን ይሮጣል። ቀጭን ይሆናል፣ ግን ይፈጥናል። ለሶሎው ሲባል ስቱዲዮውን የሚመርጥ ሰው ቢኖር አልከራከረውም።

«ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ዉማን» በ1971 ነጠላ ዜማ ሆኖ ሲወጣ አራት ደቂቃ ገደማ ነበር። እዚህ ወደ አሥር ደቂቃ ተጠጋ። ትርፉ ጊላንና ብላክሞር የሚፎካከሩበት ነው። ጊታሩ አንድ ሐረግ ይጥላል፤ ዘፋኙ በጉሮሮው ይመልሳል። ጊታሩ ከፍ ይላል፣ እሱም ከፍ ይላል። መጨረሻ ላይ የጊላን ጩኸት ጊታሩን ጥሎት ይሄዳል። ይህን በወረቀት ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው።

«ቻይልድ ኢን ታይም» ከ10 ወደ 12 ደቂቃ አደገ፤ ጊላን በለሆሳስ ሲጀምር የአዳራሹ ዝምታ ራሱ ይሰማል። «ዘ ሚዩል» የፔይስ ድራም ሶሎ ነው።

ትልቁ ልዩነት «ስፔስ ትራኪን» ላይ ነው። በስቱዲዮ አራት ደቂቃ ተኩል የሆነ ቀላል ዘፈን ነው። መድረክ ላይ 20 ደቂቃ ሊሞላ ስድስት ሰከንድ ቀረው። ሎርድ ሃመንድ ኦርጋኑን የሚያስጮኸው እንደ ጊታር በማርሻል አምፕሊፋየር ነው። እዚህ ላይ ደግሞ ድምፁን በሌላ መሣሪያ አጣምሞ የማሽን ጩኸት ያደርገዋል። ከባንዱ የ1968 ሥራ «ማንድሬክ ሩት» የተወሰደ ረጅም ጨዋታም መሐሉ ገብቷል። የማይወዱት ሰዎች «በዛ» ይላሉ። ይበሉ።

አሁን አከራካሪው ጥያቄ፦ ኋላ ስቱዲዮ ገብተው ጠጋግነውታል ወይ? የዚያ ዘመን የመድረክ አልበሞች በዚህ ይታማሉ። ቲን ሊዚ የተባለውን ሮክ ባንድ የ1978 የመድረክ አልበም የሠራው ፕሮዲውሰር ቶኒ ቪስኮንቲ አብዛኛው ስቱዲዮ ውስጥ እንደ አዲስ ተቀድቷል ሲል፣ ባንዱ ደግሞ ተቃራኒውን ብሏል። «ሜድ ኢን ጃፓን» ላይ ግን አልተጨመረም። ሎርድ ያመነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጊላን «ስትሬንጅ ካይንድ ኦፍ ዉማን» ላይ የማይክ ገመድ ጠልፎት አንድ ስንኝ ስለተበላሸ ከሌላ ምሽት ተወስዶ ተሰፋ። ያ ደግሞ ያው መድረክ ነው።

ሚክሱ ላይ (የተቀዱት ድምፆች ተመጣጥነው ሲዋሃዱ) የተገኙት ግሎቨርና ፔይስ ብቻ ናቸው። እንደ በርች አባባል ከሆነ ጊላንና ብላክሞር ያለቀውን አልበም ሰምተውት አያውቁም። ሽፋኑ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ ጃፓን ሳይሆን ለንደን የተነሣ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የወጣው ዘግይቶ በ1973 ነው፤ እዚያም በአልበሞች ሰንጠረዥ 6ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ነጠላ ዜማ ሆኖ በአሜሪካ ሰንጠረዥ 4ኛ ሲወጣ፣ በአንዱ ገጽ የስቱዲዮው፣ በሌላው የኦሳካው ቅጂ ነበር። አድማጩ ሸክላውን እየገለበጠ ማወዳደር ይችላል ማለት ነው።

ጊላንና ግሎቨር ጁን 29 ቀን 1973 ተጫውተው ከባንዱ ወጡ። ቦታው ያው ኦሳካ ነበር። የቀጣዮቹ አባላትም የመድረክ አልበም አውጥተዋል።

በ1993 የሦስቱ ምሽቶች ቅጂ አብዛኛው በሦስት ሲዲ ወጣ። ያችን የተሰፋች ስንኝ ፍለጋ የኦሳካንና የቶኪዮን ቅጂ አጠገብ ለአጠገብ አድርገን ያደመጥን ሰዎች አለን። እኔ ስፌቱን እስካሁን አላገኘሁትም።