ኦክቴን ምንድን ነው? ለአሮጌ የስፖርት መኪናስ ውዱ ቤንዚን ያዋጣል?

በአሜሪካ ነዳጅ ማደያዎች ቤንዚን በሦስት ዋጋ ይሸጣል፤ 87፣ 89፣ ከዚያም 91 ወይም 93 የሚል ቁጥር ተለጥፎበት። ለአሮጌ የስፖርት መኪናው የሚሳሳ ሰው እጁ ወደ ትልቁ ቁጥር ቢሄድ አይገርምም። ዋጋው ስለበዛ የተሻለ፣ ቁጥሩ ስለበለጠ ብርቱ ይመስላል። ቁጥሩ ግን ስለ ብርታት የሚናገረው ነገር የለም።

ኦክቴን ቤንዚን በራሱ ጊዜ ሳይቀጣጠል ምን ያህል መታመቅ እንደሚችል የሚያሳይ መለኪያ ነው። በሞተር ውስጥ ፒስተኑ የአየርና የቤንዚኑን ድብልቅ ያምቀዋል፤ ካንዴላው ብልጭ ሲል እሳቱ ከአንድ ስፍራ ተነስቶ ይስፋፋል። ነበልባሉ ገና ያልደረሰበት ድብልቅ በዚያች ቅጽበት ይበልጥ እየታመቀና እየጋለ ነው። መቋቋም ካቃተው ተራውን ሳይጠብቅ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ከሞተሩ የብረት ኳኳታ ይሰማል። ኳኳታው ከበረታና ከተደጋገመ ፒስተን እስከ መብሳት፣ ጓርኒሲዮን እስከ ማቃጠል ይደርሳል። ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ይህን ፍንዳታ ይከላከላል። በሞተሩ ውስጥ መጀመሪያውኑ ኳኳታ ከሌለ ግን የሚከላከለው ነገር የለም፤ በሊትር የሚይዘው ኃይልም ከተራው አይበልጥም።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ሞተሩ ድብልቁን ምን ያህል ያምቃል የሚለው ነው። የመኪናው ዕድሜም ሆነ «ስፖርት» የሚለው ስም ይህን አይነግረንም። የሼቭሮሌት ኮርቬትን እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1970 የተሠራው ኤልቲ 1 የተባለው ሞተር ድብልቁን 11 ለ 1፣ ማለትም ከነበረው ቦታ ወደ አሥራ አንድ እጅ ያነሰ ቦታ፣ ያምቅ ነበር። በዓመቱ፣ በ1971፣ ጄኔራል ሞተርስ ኦክቴንን ከፍ የሚያደርገው የእርሳስ ውህድ ለማይጨመርበት ቤንዚን ለመዘጋጀት ሲል ያንኑ ሞተር ወደ 9 ለ 1 አወረደው። ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቢቆሙ ለመለየት ያስቸግራሉ፤ የመጀመሪያው ግን ማደያው ያለውን ከፍተኛውን ቤንዚን ይፈልጋል፣ ሁለተኛው በተራው ይሄዳል። ፖርሽ 944ም እንዲሁ ነው፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአውሮፓ የተሠራው 10.6 ለ 1፣ ለአሜሪካ የተላከው 9.5 ለ 1 ያምቃል። ከጀርመን የመጣ 944 የገዛ ሰው የአሜሪካውን መመሪያ ተከትሎ ቢቀዳ ሞተሩን አደጋ ላይ ይጥላል።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላ ነገር አለ። የኦክቴን ቁጥር በየአገሩ በአንድ ዘዴ አይጻፍም። አውሮፓ በማደያው ላይ የሚለጥፈው ሪሰርች የተባለውን ልኬት ነው። አሜሪካ ደግሞ የዚህንና ጠንከር ባለ ሁኔታ የሚለካውን የሞተር ልኬት አማካይ ትወስዳለች፤ ስለዚህ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። የአውሮፓው 95 በአሜሪካ ማደያ 90 ወይም 91 አካባቢ ነው። የአሜሪካ አምራቾችም ቀድሞ የሚጽፉት የአውሮፓውን ዓይነት ቁጥር ነበር። እናም የ1971 መኪና «91 ኦክቴን» ሲል ዛሬ በማደያው ላይ 87 ተብሎ የተለጠፈውን ማለቱ ነው። ባለቤቱ 91 የሚለውን በየሳምንቱ እየሞላ ለዓመታት ያለ ምክንያት ገንዘቡን ሊከፍል ይችላል፤ ይህ በእውነት ያሳዝናል።

ዘመናዊ መኪኖች ኳኳታን የሚያዳምጥ ሴንሰር አላቸው። ኮምፒውተሩ ኳኳታ ሲሰማ ብልጭታውን ያዘገያል፤ ለከፍተኛ ኦክቴን የተሠሩት ደግሞ ጥሩ ቤንዚን ሲያገኙ መልሰው ያስቀድሙታል። አብዛኞቹ የቀድሞ መኪኖች ይህ የላቸውም፤ ለጥያቄያችን ወሳኙም ይህ ነው። የ1990ው ማዝዳ ሚያታ ባለ 1.6 ሊትር ሞተር 9.4 ለ 1 ያምቃል፤ ለአሜሪካ ገበያ የወጣው መመሪያው የሚጠይቀው 87 ነው። ሴንሰር ስለሌለው 93 ቢቀዳለት አያውቀውም፣ አንዲትም የፈረስ ጉልበት አይጨምርም። አንዳንድ ባለቤቶች የብልጭታውን ጊዜ፣ በሞተሩ ዘንግ መዞር ሲለካ፣ ከ10 ዲግሪ ወደ 14 ያስቀድሙታል። መኪናው ትንሽ ይነቃል፤ ያን ጊዜ ውዱ ቤንዚን ተገቢ ይሆናል፤ ምክንያቱም አሁን ሞተሩ በእርግጥ የሚያስፈልገው ሆኗል። በተቃራኒው ሴንሰር የሌለው፣ አብዝቶ የሚያምቅ ሞተር ተራ ቤንዚን ከተሰጠው ራሱን የሚያድንበት መንገድ የለውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ መኪና የዋጋውን ልዩነት መቆጠብ ክፉ ስስት ነው።

«ውዱ ቤንዚን ሞተር ያጸዳል» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ብቻ ነው። የሚያጸዳው ኦክቴኑ ሳይሆን የተጨመረው ማጽጃ ኬሚካል ነው። በ2004 የተጀመረውና ቶፕ ቲር የተባለውን መስፈርት የሚያከብሩ የአሜሪካ ማደያዎች ይህን ማጽጃ በሁሉም ደረጃ ቤንዚን ውስጥ ይጨምራሉ፤ በ87ቱም ጭምር።

በብሪታንያ ለአሮጌ መኪና ውዱን የሚያስመርጥ ሌላ በቂ ምክንያት አለ። ከመስከረም 2021 ጀምሮ ተራው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል ይይዛል፤ በውዱ ውስጥ ግን ጣሪያው 5 በመቶ ነው። ኤታኖል የቆዩ የጎማ ቱቦዎችንና የካርቡራቶር ክፍሎችን ስለሚበላ፣ በተለይም ወራትን ቆሞ ለሚከርም መኪና፣ ልዩነቱ የሚከፈልበት ነው።

ከፍታም ይቆጠራል። አየሩ ሲሳሳ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው አየር ስለሚያንስ ግፊቱም ይቀንሳል። በኮሎራዶ ተራሮች 85 ኦክቴን የሚሸጠው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከዴንቨር እንኳ ከፍ ትላለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ገደማ ያንሳል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ መኪና እዚያ ኳኳታ ሳያሰማ ከርሞ ወደ ቆላ ሲወርድ ማንኳኳት ቢጀምር ነዳጁ ተበረዘ ብሎ ከመቆጣት በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

ዕድሜ በራሱ የሚለውጠው አንድ ነገር አለ፤ በፒስተኑ አናት ላይ ጥቀርሻ ሲከማች ቦታው ይጠብባል፣ እምቀቱም ይጨምራል። ስለዚህ በመመሪያው የታዘዘውን ቤንዚን ሞልቶ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ ዳገት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ እየሰጡ ማዳመጥ ይበጃል። ዝም ካለ ያው ቤንዚን ይበቃዋል። ካንኳኳ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን መሞከር ነው። ያም ካላስቆመው የብልጭታውን ጊዜና ማቀዝቀዣውን መካኒክ ይመርምረው፤ እስከዚያ ድረስ ሞተሩን ማስጨነቅ አይገባም።