«ማሽኑ ነው የሚጫወተው» ለምትሉኝ

ሰርግ ላይ ኪቦርድ በመጫወት ነው የምኖረው። የ1980ዎቹ መጀመሪያ የእንግሊዝ ፖፕ ደግሞ ነፍሴ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ታዲያ ስለ እነዚያ ነጠላ ዜማዎች ባወራሁ ቁጥር አንድ ሰው አይጠፋም፦ «እሱን እኮ ማሽኑ ነው የሚጫወተው!» ስልችት ብሎኛል። ትንንሾቹን ስህተቶች አስቀድሜ ልጨርስና ወደ እሱ እመለሳለሁ።

«ቴይንትድ ላቭ የሶፍት ሴል (የእንግሊዝ ባንድ) ዘፈን ነው።» አይደለም። አሜሪካዊቷ ግሎሪያ ጆንስ በ1960ዎቹ ዘፍናዋለች። ሶፍት ሴሎች በ1981 ፍጥነቱን ቀንሰው እንደገና ሰሩት።

«አንደኛ የወጣው ይበልጣል።» የአልትራቮክስ ባንድ «ቪየና» በ1981 በእንግሊዝ የሽያጭ ደረጃ ሁለተኛ ላይ ቀረ። ከላይ የተቀመጠበት የጆ ዶልቼ የቀልድ ዘፈን ነበር። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና ፍረዱ።

«ያኔ ሁሉም ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሮኒክስ ድምፅ የሚፈጥር ኪቦርድ) ነበር።» በ1982 እንግሊዝ ውስጥ ከሁሉም በላይ የተሸጠው «ካም ኦን አይሊን» ቫዮሊንና ባንጆ ነው።

«ባንድ ኤይድን የሰራው ጌልዶፍ ብቻ ነው።» ባንድ ኤይድ ዘፋኞች ተሰባስበው ለእኛ ረሃብ የዘፈኑበት ስለሆነ ይሄኛው ያናድደኛል። በ1984 ዘፈኑን ከዘፋኙ ቦብ ጌልዶፍ ጋር የደረሰውና ፕሮዲውስ ያደረገው ሚጅ ዩር ነው፣ ያው የ«ቪየና»ው ዘፋኝ። ከስሩ ሁለተኛ ሆኖ የቀረው የዋም ባንድ «ላስት ክሪስማስ» ገቢም ለኢትዮጵያ ረሃብ ተሰጥቷል።

አሁን ወደ ማሽኑ።

የኒው ኦርደር ባንድን «ብሉ መንደይ» እንውሰድ፣ 1983። የዛሬ ኮምፒውተር የለም። ሲክዌንሰሩን (የገባለትን ኖታ በተራ የሚያጫውተውን ማሽን) የባንዱ አባል በርናርድ ሰምነር ቁርጥራጩን ገዝቶ በእጁ ነው የገጣጠመው። ሌላዋ አባል ጊሊያን ጊልበርት ደግሞ የሚገባውን ኖታ ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ወረቀቶቹን በፕላስተር አያያዘቻቸው፤ የስቱዲዮውን ርዝመት አከሉ። ከዚያ አንድ በአንድ ስታስገባ አንዲት ኖታ አመለጠቻት። ዜማው ከከበሮው ፈቀቅ ብሎ ቀረ። ዛሬም ጆሮ ሰጥቶ ለሚያዳምጥ ይሰማል። እኔ ዘፈኑን የምወደው በዚያች ኖታ ነው። በላዩ ላይ የባንዱ አባል የፒተር ሁክ ቤዝ ጊታር አለ፣ በሰው እጅ የተመታ።

አንድ የማስተምረው ልጅ ይህንኑ «ማሽኑ ነው» አለኝ። አልተከራከርኩም። የድሮ ሲክዌንሰር ፊቱ አስቀምጬ «አራት ባር (አራት የምት ክፍል) አስገባ» አልኩት። ከምሳ በኋላ የጀመረ ሲመሽም አልጨረሰም። ሁለተኛ አላነሳውም።

ከሁሉ የምታበልጠው የትኛውን ነው ካላችሁኝ ግን የሂውማን ሊግ ባንድን «ዶንት ዩ ዋንት ሚ» እላለሁ። የባንዱ ዘፋኝ ፊሊፕ ኦኪ ራሱ ንቆት ነጠላ ሆኖ እንዲወጣ አልፈለገም ነበር። በ1981 የገና አንደኛ ሆነ። ከበሮው ማሽን ነው፣ አዎ። ነገር ግን ታሪኩን ልብ በሉ። ወንዱ «አስተናጋጅ ነበርሽ፣ ሰው ያደረግኩሽ እኔ ነኝ» እያለ ይኮራባታል፤ ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሴቲቱ ትመጣና የራሷን ትነግረዋለች፣ ረጋ ብላ። ይህን የጻፈ ማሽን አላውቅም።

በስልክ ስፒከር አትስሙት። ጥሩ ጆሮ ማዳመጫ አድርጉ፣ እሷ ስትገባ ድምፁን ጨምሩ።