ካውንስል ያልተረከበው መንገድ፦ በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ ቤት ሲገዛ

በእንግሊዝና በዌልስ አዲስ በተሠራ ሰፈር ቤት የገዛ ሰው ቁልፍ በሚረከብበት ቀን በሩ ላይ ያለው መንገድ አብዛኛውን ጊዜ የካውንስሉ (የአካባቢው አስተዳደር) አይደለም። መሬቱ በቤት ገንቢው ስም ነው፤ ጥገናውም በገንቢው፣ እሱ ከሌለ በነዋሪዎቹ ላይ ይወድቃል። በኢትዮጵያ የግንባታ ሥራ ላይ ያለፈ ሰው ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ የእዚህም አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። ልዩነቱ ርክክቡ፣ ማለትም ካውንስሉ የመንገዱን ጥገና የሚረከብበት ሂደት፣ እስኪያልቅ ሰው ቤቱ ውስጥ እየኖረበት መሆኑ ነው።

«ሕዝብ ከሄደበት የካውንስል ይሆናል» የሚባለው ስሕተት ነው። ለ20 ዓመት ሳይከለከል የተሄደበት መንገድ ለሕዝብ የመተላለፊያ መብት ሊያስገኝ ይችላል፤ የጥገናውን ወጪ ግን ወደ ካውንስል አያዛውርም።

ለዚህ ሁኔታ መነሻው የ1835 (እ.ኤ.አ.) የመንገድ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የሕዝብ መንገድ የሚጠገነው በአጥቢያው ነዋሪ ነበር። ሕጉ አዲስ መንገድ እንዲሁ በአጥቢያ ላይ እንዳይጫን ከለከለ። በ1892 የወጣው ሕግ ደግሞ የአካባቢው አስተዳደር መንገዱን ሠርቶ ወጪውን በዳሩ ላሉ ባለንብረቶች እንዲያካፍል ፈቀደ። ዛሬ የሚሠራበት የ1980 ሃይዌይስ አክት (የመንገዶች ሕግ) ነው።

ዋናው ነገር የዚህ ሕግ አንቀጽ 38 ነው። ገንቢው ከካውንስሉ ጋር ውል ይፈርማል፤ በውሉ የመንገዱ ንድፍ፣ የንጣፉ ዓይነት፣ የዝናብ ውሃ መውረጃውና የመብራት ምሰሶዎቹ ተዘርዝረው ይጸድቃሉ። ገንቢው የካውንስሉን መሐንዲሶች የቁጥጥር ክፍያ ይከፍላል፤ ቢከስር ካውንስሉ መንገዱን የሚጨርስበት ዋስትናም ከባንክ ወይም ከዋስ ድርጅት ያቀርባል። ውሉ በፈቃድ የሚፈረም ነው፤ ገንቢውን የሚያስገድደው የለም። ካልፈረመ ግን ከአንቀጽ 219 ጀምሮ ባለው ሥርዓት መሠረት ቤት መሥራት ከመጀመሩ በፊት ለመንገዱ የሚበቃ ገንዘብ ማስያዝ ወይም ዋስትና መስጠት ሊኖርበት ይችላል።

ሥራው በደረጃ ይሄዳል። ሰብቤዙ (ከአስፋልቱ ሥር ያለው የጠጠር ንጣፍ) ይጠቀጠቃል፣ ከርብስቶን (የመንገድ ዳር ድንጋይ) ይተከላል፣ የታችኛው አስፋልት ይነጠፋል፤ ነዋሪ የሚገባው በዚህ ላይ ነው። የላይኛው ንጣፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 40 ሚሊሜትር ሲሆን፣ ከባድ መኪኖች ከሰፈሩ እስኪወጡ ይቆያል፤ ይህም ተገቢ ነው። ይሁንና የማንሆልና የውሃ መቀበያ ክዳኖች በመጨረሻው ከፍታ ከተቀመጡ ከአስፋልቱ በላይ ይቀራሉ። ጎማ ይመታሉ፣ እግር ያደናቅፋሉ፣ ዝናብም ወደ ቱቦው ሳይገባ ጠርዙ ላይ ይተኛል። የተኛው ውሃ በክረምቱ ብርድ ወደ በረዶ ሲለወጥ የታችኛውን አስፋልት ይሰነጥቀዋል። ሁለት ክረምት ያሳለፈ መንገድ ከመረከቡ በፊት እንደገና ተቆርጦ መጠገን ሊያስፈልገው ይችላል።

የላይኛው ንጣፍ አልቆ መሐንዲሱ ሲፈትሽ ጊዜያዊ የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ ከዚያ አብዛኛውን ጊዜ 12 ወር ገንቢው ጉድለት ያርማል፤ በመጨረሻም ካውንስሉ ይረከባል። የካውንስል መሐንዲሶች ጥብቅነት ብዙ ቅሬታ ይቀርብበታል፤ ነገር ግን ነዋሪውን ለአሥርተ ዓመታት ከጥገና ዕዳ የሚያድነው ይኸው ጥብቅነት ነው።

ርክክብ ከሚዘገይባቸው ምክንያቶች ቀዳሚው ፍሳሽ ነው። በ1991 የውሃ ኢንዱስትሪ ሕግ አንቀጽ 104 መሠረት የውሃ ኩባንያው ከመንገዱ ሥር ያሉትን ቱቦዎች ካልተረከበ፣ ካውንስሉም መንገዱን አይረከብም። ቱቦዎቹ በካሜራ ሲታዩ ስሚንቶ የደረቀባቸው ወይም የተሰበሩ ይገኛሉ። ሌላው ነዋሪው ራሱ የሚፈጥረው ነው፦ ለኤሌክትሪክና ለውሃ መስመር የተተወውን የሣር ሰቅ በአጥር ያጥራል ወይም በጡብ ያነጥፋል፤ መሐንዲሱም አይፈርምም።

ገዢው ከመፈረሙ በፊት ሶሊሲተሩ (የግዢውን ሰነድ የሚይዝለት ጠበቃ) ኮን 29 በሚባለው የካውንስል ፍተሻ የመንገዱን ሁኔታ ያጣራል፤ ካውንስሎች በሃይዌይስ አክት አንቀጽ 36 መሠረት በሕዝብ ወጪ የሚጠገኑ መንገዶችን ዝርዝር መያዝ አለባቸው። «ውል አለ» የሚል መልስ አይበቃም። የተፈረመው የአንቀጽ 38 ውል፣ ዋስትናውና የአንቀጽ 104 ውል ቅጂያቸው ይጠየቃል፤ የገዢው ቤት የሚገኝበት መንገድ በውሉ ካርታ ላይ በቀለም መካተቱም በዓይን ይታያል። እስከ 5 ቤት የሚጋሩት የጋራ መግቢያ በብዙ ካውንስሎች ከርክክብ ውጭ ነው። በባለቤትነት ማስተላለፊያው ሰነድ ላይ በእግርና በመኪና የመተላለፍ መብት መጻፍ አለበት። ዋስትና ከሌለ ከዋጋው ላይ ገንዘብ ማስቀረት ይቻላል፤ የሞርጌጅ (የቤት መግዣ ብድር) አበዳሪም ይህን ሊጠይቅ ይችላል።

ከናካቴው የማይረከቡ ሰፈሮችም አሉ። ባለቤትነቱ ፍሪሆልድ (ቤቱንም መሬቱንም ያለ ጊዜ ገደብ የሚያስይዝ) ቢሆንም መንገዱን፣ ሜዳውንና የዝናብ ኩሬውን አስተዳዳሪ ኩባንያ ይይዛል፤ ነዋሪው ካውንስል ታክስ (ለካውንስሉ የሚገባ የቤት ግብር) እየከፈለ በተጨማሪ ለኩባንያው ይከፍላል። የብሪታንያ የውድድርና የገበያ ባለሥልጣን በየካቲት 2024 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ጥናት 11ዱ ትልልቅ ገንቢዎች በ2021 እና በ2022 ከሸጧቸው ቤቶች 80 በመቶው እንዲህ ያለ ክፍያ አለባቸው፤ አማካዩም በዓመት 350 ፓውንድ ነው። ጥፋቱ የካውንስሎቹ ነው ወይስ የገንቢዎቹ የሚለው ያከራክራል። ክፍያው «ሬንትቻርጅ» (ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ በየጊዜው የሚከፈል ግዴታ) ሆኖ ከተጻፈ አደጋው ይበልጣል፦ በ1925 የንብረት ሕግ አንቀጽ 121 መሠረት ለ40 ቀን ያልተከፈለ ዕዳ ባለመብቱ በቤቱ ላይ ሊዝ (የኪራይ ይዞታ መብት) እንዲፈጥር ያስችለዋል። ሶሊሲተሩ ይህን መብት የሚያስቀር አንቀጽ በሰነዱ እንዲገባ መጠየቅ አለበት፤ አለዚያ ቤቱ በኋላ ሲሸጥ ገዢውም አበዳሪውም ሊያፈገፍጉ ይችላሉ።

የገቡበት መንገድ ሳይረከብ ከቀረና በሃይዌይስ አክት አንቀጽ 219 ሥርዓት ገንዘብ የተያዘበት ከሆነ፣ በዚሁ ሕግ አንቀጽ 229 መሠረት የዳሩ ባለቤቶች አብላጫው፣ ወይም ከጠቅላላው የመንገድ ዳር ርዝመት ከግማሽ በላይ የያዙት፣ ካውንስሉ መንገዱን ሠርቶ እንዲረከብ በጽሑፍ ሊጠይቁ ይችላሉ።